አዲስ ለተመደበ የትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪ፦ ሥራውን ከየት ይጀምሩታል?

በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአማካሪነት ሲመደቡ የመጀመሪያው ሥራዎ ተማሪ ማነጋገር ሳይሆን ከርእሰ መምህሩ ጋር ተቀምጦ የሥራዎን ድንበር መወሰን ነው። እርስዎ ካልወሰኑት ሌላው ይወስንልዎታል። በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደሚታየው አማካሪው ቀስ በቀስ መምህር በቀረበት ክፍል የሚገባ ተተኪ፣ በር ላይ ቆሞ አርፋጅ የሚመዘግብ ሠራተኛ፣ ይባስ ብሎም የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጊዜ ይበላሉ፤ የመጨረሻው ግን ሥራውን ከሥሩ ያፈርሰዋል፤ ምክንያቱም ትናንት ከኮሚቴው ጋር ተቀምጦ «ወላጅ አምጣ» ሲል ላየው ሰው፣ ዛሬ አባቱ ማታ ማታ እየጠጣ ገብቶ እናቱን እንደሚደበድብ የሚነግር ልጅ አይገኝም።

ስለዚህ ስምምነቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ በሁለታችሁም ይፈረም። አማካሪው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባልም ሆነ ምስክር እንደማይሆን፣ ተማሪው የተናገረው ነገር ለሕይወትና ለደኅንነት የሚያሰጋ እስካልሆነ ድረስ ለአስተዳደሩ እንደማይተላለፍ፣ ተማሪ ከክፍል ወጥቶ መምጣት የሚችለው በየትኛው ሰዓትና በምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ ይጻፍበት። ኮሚቴው ስለ አንድ ተማሪ አስተያየት ቢፈልግ፣ ተማሪው ሲስማማ ብቻ፣ ልጁ ምን እንዳለ ሳይሆን ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልገው መግለጽ ይቻላል። ርእሰ መምህሩ «እኔ የማላውቀው ነገር በግቢዬ አይኖርም» የሚሉ ሰው ከሆኑ አይከራከሯቸው፤ አደጋ ሲኖር ከሁሉ ቀድመው እንደሚሰሙ ያረጋግጡላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስባቸውም ድንገት ከወረዳ ተደውሎ መልስ ማጣት ነው። በግቢው ውስጥ ዱላ ወይም ጎማ ይዞ የሚዞር ሰው ካለ ደግሞ፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው መደንገጉን በዚሁ የመጀመሪያ ውይይት ያንሱት። ጉዳዩ ከአንድ መምህር ጋር ከተጋጩ በኋላ ሲነሳ ክስ ይመስላል።

የቢሮዎን ክፍል በተመለከተ የተሰጠዎትን ከመቀበል ውጪ ብዙ ምርጫ ላይኖርዎት ይችላል፤ ቢሆንም ከርእሰ መምህሩ ቢሮ አጠገብ ያለውን፣ የተሻለ ወንበር ቢኖረው እንኳ፣ አይውሰዱ። በቤተ መጻሕፍቱ ወይም በክበባት ቢሮዎች በኩል ያለ ክፍል ይሻላል፤ ወደዚያ የሚያመራ ተማሪ መጽሐፍ ሊዋስ የሄደ ይመስላልና። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤና» ብሎ መለጠፍ በሳምንት ውስጥ «የእብዶች ቢሮ» የሚል ስም ስለሚያተርፍ «የተማሪዎች ምክር አገልግሎት» የሚለው ይበቃል። ድምፅ ወደ ውጭ የማይወጣበት፣ ነገር ግን በመስኮቱ በኩል ሁለታችሁም የምትታዩበት ቢሆን ተማሪውንም እርስዎንም ከሐሜት ይጠብቃል። ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን የግድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይሟላል።

ተማሪው እንዴት ይመጣል?

ቢሮ ከፍቶ መጠበቅ ብቻውን ሰው አያመጣም። በጠዋቱ ሰልፍ ላይ በጥቂት ደቂቃ ራስን ማስተዋወቅ፣ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ስለ እንቅልፍና ስለ ፈተና ጭንቀት አጫጭር ዝግጅቶችን ማቅረብ፣ በሥርዓተ ፆታ ክበብና በመሳሰሉት ስብሰባዎች ላይ መገኘት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ዋናው በር ግን የክፍል ኃላፊ መምህራን ናቸው። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪዎች አንድ አማካሪ እንዲኖር ይመክራል፤ በእኛ አገር አንድ አማካሪ ከሺህ በላይ ተማሪ ያለበትን ግቢ ብቻውን መያዙ ብርቅ ስላልሆነ፣ የመምህራንን ዓይን ያልተጠቀመ አማካሪ የሚያገኘው ራሳቸው የመጡትን ብቻ ነው። በጣም የተጎዱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው አይመጡም።

መምህራን የሚረብሽ ተማሪን ለማስተዋል ማስታወሻ አያስፈልጋቸውም። የሚያመልጣቸው ዝምተኛው ነው፤ ይጽፍ የነበረው ደብተሩ ባዶ የሆነ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን መቀመጥ የጀመረ፣ በሙቀት ቀን እጅጌውን የማይሰበስብ፣ ያለ ምክንያት ዕቃዎቹን ለሰው ማደል የያዘ። ይህንን በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ በምሳሌ ማስረዳት ወረቀት ከማደል የተሻለ ውጤት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከአእምሮ ጤና ችግሮች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር 7ኛና 8ኛ ክፍል አካባቢ ማለት ስለሆነ፣ ወደ 9ኛ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ወር ማየት የሚቻልበትን መንገድ ይፈልጉ። ለዚህ ጥንካሬንና ችግርን የሚለካው ባለ 25 ጥያቄው የጉድማን መጠይቅ ሊረዳ ይችላል፤ በመምህር፣ በወላጅና ዕድሜው 11 ዓመት በሞላው ተማሪ ራሱ ሊሞላ ይችላል። መጠይቁ ግን ማንን ቀድመው ማነጋገር እንዳለብዎ ይጠቁማል እንጂ የበሽታ ስም አይሰጥም፤ ነጥቡን ለወላጅ እንደ ፈተና ውጤት ማንበብም ትልቅ ጉዳት አለው።

የመጀመሪያው ውይይት

የምስጢር ገደብ የሚነገረው ተማሪው ካወራ በኋላ ሳይሆን ከማውራቱ በፊት ነው። በቀላል ቃል እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እዚህ የምትነግረኝ በእኔና በአንተ መካከል ይቀራል። ራስህን ለመጉዳት ካሰብክ፣ ሌላ ሰው ለመጉዳት ካሰብክ፣ ወይም አንተን የሚጎዳህ ሰው ካለ ግን ብቻዬን አልይዘውም። ያን ጊዜም ለማን እንደምነግር አስቀድሜ ለአንተ እነግርሃለሁ።» ይህንን ሰምቶ ዝም የሚል ተማሪ ይኖራል፤ ዝም ይበል። ገደቡን ደብቆ ካስወሩት በኋላ ለወላጅ መደወል ግን አንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ክፍሉን በሙሉ ያሳጣዎታል፤ ወሬው ከደወሉ በፊት ግቢውን ያዳርሳልና።

«ሆድ ይፍጀው» ሲባል ሰምቶ ያደገ ልጅ ችግሩን በስሙ ጠርቶ አይገባም። ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ የማነበው አይገባኝም፣ ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል ይላል። ይህንን ሰበብ ነው ብሎ ማለፍም፣ ወዲያው «ድባቴ ነው» ብሎ ስም መስጠትም ሁለቱም ስሕተት ናቸው። እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ፣ ምግብ እንደሚበላ፣ ሕመሙ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚብስ በዝርዝር ይጠይቁ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱን የሚያዞረው ልጅ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ሳይጠይቁ ስለ ስሜት ማውራት ልጁንም ያሳፍረዋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በክፍል ውስጥ ይተኛል፤ መምህራኑ ጋጠ ወጥ ሆኗል ይላሉ፤ እናቱ ዐረብ አገር ናት፣ የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው። «መምህር፣ እንቅልፍ ነው እንጂ ምንም አልሆንኩም» ይላል። አማካሪው «ለምን አትተኛም?» ከማለት ይልቅ «ሌሊት እንቅልፍ የሚጠፋው ገና ስትጋደም ነው ወይስ እንቅልፍ ከወሰደህ በኋላ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ትንሽ ቆይቶ «እማዬ የምትደውለው ሌሊት ነው፤ ሥራ የምትጨርሰው ያኔ ነው» ይላል። «ሳትደውል ስትቀርስ?» «ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።» እዚህ ላይ ምክር ለመስጠት መቸኮል አይገባም፤ በምትጠብቅበት ሰዓት ምን ምን ታስባለህ ብሎ መጠየቅ የሚቀጥለው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ብዙውን ጊዜ እናቱ በሰው ቤት ምን ደርሶባት ይሆን የሚል ፍርሃት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከእናቱና ከአያቱ ጋር ተነጋግሮ ስልክ የሚደወልበትን ቀን መወሰን የሚቻለው። ለክፍል ኃላፊው መምህር የሚነገረው «እንቅልፍ አልተስማማውም፣ እየተከታተልነው ነው» የሚል ብቻ ነው፤ እናትየው የት እንዳለች መናገር ለልጁ የተሰጠውን ቃል ማፍረስ ነው።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲኖር

ተማሪዋን ስለዚህ ሐሳብ በግልጽ መጠየቅን ብዙ አዲስ አማካሪዎች ይሸሹታል፤ ካነሣሁት ሐሳቡን እሰጣታለሁ ብለው ይፈራሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይወልድም፣ ይልቁንም ብቻዋን ይዛው የነበረችውን ልጅ ያሳርፋል። አካሄዱ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይሁን። «እንዲህ ሲከፋሽ ምነው ባልኖርኩ ብለሽ ታውቂያለሽ?» ተብሎ ይጀመራል፤ መልሱ አዎን ከሆነ «ራስሽን ለማጥፋትስ አስበሽ ታውቂያለሽ?» ይባላል፤ ቀጥሎም እንዴትና መቼ እንደሆነ አስባ እንደሆነ፣ ያሰበችው ነገር በቤቷ ይገኝ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ሞክራ እንደሆነ ይጠየቃል። «ኃጢአት መሆኑን አታውቂም?» ወይም «እናትሽ ምን ትላለች?» የሚሉ ቃላት ልጅቷን ዝም ከማሰኘት በቀር አይጠቅሙም። እንዳታደርገው ማስማል ወይም ማስፈረምም ለአማካሪው ዕረፍት ይሰጥ ይሆናል እንጂ ልጅቷን አይጠብቅም።

መንገዱንና ጊዜውን ያሰበች ወይም ከዚህ በፊት የሞከረች ተማሪ ለአንድ ደቂቃም ብቻዋን አትቀመጥ። ወደ ክፍል ተመለሺ አይባልም፤ በታክሲ ወደ ቤት አትላክም። አሳዳጊዋ መጥቶ በእጁ እስኪረከብ ድረስ አማካሪው ወይም የምታምነው ሌላ ሰው አብሯት ይቆይ፤ በዚያው ቀንም ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ለቤተሰቡ በግልጽ ቋንቋ ይነገር፤ በቤት ውስጥ ያለ ፀረ ተባይ፣ የአይጥ መርዝና የተረፈ መድኃኒት ከቤቱ እንዲወጣ ወይም እንዲቆለፍበት፣ ልጅቷም እንዳትወቀስ። በማግስቱ ስልክ መደወል የአማካሪው ግዴታ ነው።

የከፋው ከደረሰ፣ ማለትም አንድ ተማሪ በዚህ መንገድ ከሞተ፣ ሁኔታው በሰልፍ ላይ በዝርዝር መነገር የለበትም። በየክፍሉ፣ በክፍል ኃላፊው አማካይነት፣ በአጭሩ ይነገር፤ የቅርብ ጓደኞቹና የወንበር ጓደኛው ግን በዚያው ቀን ለብቻ ይጠሩ።

ለሌላ ባለሙያ ማስተላለፍ

አማካሪው መድኃኒት አያዝም፣ የአእምሮ ሕመምን አይመረምርም። ድምፅ የሚሰማው፣ ለቀናት የማይተኛና ንግግሩ የማይያዝ፣ ምግብ ያቆመ፣ ወይም ለሳምንታት ምክር ተሰጥቶት እየባሰበት የሄደ ተማሪ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። አብዛኛው ወላጅ ወዲያው አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድን ያስባል፤ ወይም በስሙ ምክንያት ጨርሶ ይፈራዋል። በቅድሚያ ወደ አካባቢው ጤና ጣቢያ መሄዱ ለሁለቱም መፍትሔ ነው፤ በተለይም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ በደረጃው ሪፈር ካላጻፈ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በደብዳቤዎ ላይ የበሽታ ስም አይጻፉ፤ ያዩትን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ያደረጉትን ብቻ ይግለጹ። ቢቻል የጤና ጣቢያውን የአእምሮ ጤና ባለሙያ አስቀድመው በአካል ይተዋወቁት፤ በስም የተላከ ተማሪ እና በወረቀት ብቻ የተላከ ተማሪ የሚያገኙት መስተንግዶ አንድ አይደለም።

ቤተሰቡ ጸበል እናስጠምቃለን ሲል መቃወም አያስፈልግም። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ይህንን ማስታወስ ከረጅም ክርክር ይልቅ እናቶችን ያሳምናል። የማይታለፈው ነገር ልጁ ታስሮ ወይም ምግብና መድኃኒት ተከልክሎ እንዳይቆይ መከታተል ነው።

ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ወይም የደረሰበት ተማሪ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ ነገሩን ለነገ ማሳደር አይገባም። አዲስ አበባ ላይ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ሥራውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። ተጎጂዋ ታሪኩን ለርእሰ መምህሩ፣ ለዩኒት መሪው፣ ለፖሊስ ደጋግማ እንድታወራ አያድርጉ፤ ልብሷ እንዳይታጠብ ይንገሩ። አጥፊው መምህር ወይም ዘመድ ሲሆን ሽማግሌ ልከን እንጨርሰው የሚል ሐሳብ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ጉዳዩ ወንጀል ነው፤ አማካሪው በእንዲህ ያለው ሽምግልና ላይ መቀመጥም ዝም ማለትም አይችልም።

ተማሪዎች ተከታትለው ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ

በትምህርት ቤቶች አንዲት ተማሪ ራሷን ስታ ስትወድቅ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ወይም ሰሞን ሌሎች ተከታትለው የሚወድቁበት ጊዜ አለ። ግቢው በአንድ ጊዜ ይታወካል፤ አንዱ መተት ነው ይላል፣ ሌላው ምግቡ ተመርዟል፣ ሌላው ደግሞ አስመሳዮች ናቸው ይላል። በመጀመሪያ የጤና ባለሙያ ተጠርቶ መመረዝና ሌላ ሕመም አለመኖሩ ይረጋገጥ። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ትልቁ ሥራ ተመልካቹን መበተን ነው፤ የወደቁትን በተለያየ ክፍል፣ በአንድ አንድ የተረጋጋ ሰው ማስጠበቅ፣ በግቢው ውስጥ በድምፅ ማጉያ ጸሎት እንዳይደረግ ከሃይማኖት አባቶች ጋር በትሕትና መነጋገር፣ በስልክ መቅረጽን መከልከል። ልጆቹ አላስመሰሉም፤ ጭንቀት በሰውነት ሲገለጥ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ለወላጆች መነገር አለበት። ነገሩ ከበረደ በኋላ መጀመሪያ የወደቀችውን ልጅ ለብቻዋ ማነጋገር አይረሳ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገር ነገር ያላት እርሷ ናት።

የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ከዚህ ይለያል። ክብሪት ጭሮ ማሸተት ምንም አይፈይድም፤ በአፉ ማንኪያም ሆነ ሌላ ነገር አይከተትም። በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ ሰዓት መያዝ ይበቃል፤ መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

መዝገብ

የእያንዳንዱ ተማሪ ፋይል ከስም ይልቅ በቁጥር ይያዝ፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ቦታ ይቆለፍ። የሚጻፈው አጭር ይሁን፤ ፍርድ ቤት ቢጠይቀው ወይም ተማሪው ራሱ ቢያነበው የማያሳፍር ቋንቋ ይሁን። አማካሪው ራሱ የሚያማክረው የሙያ ባልደረባ፣ በጎረቤት ትምህርት ቤት ያለም ቢሆን፣ ያስፈልገዋል፤ ስም ሳይጠሩ ጉዳይን አንሥቶ መነጋገር የተለመደና ተገቢ አሠራር ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና

የዓመቱ ከባዱ ጊዜ ይህ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው ከተፈተኑ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በቅደም ተከተል በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። እንግዲህ አማካሪው «በርትታችሁ አንብቡ፣ ሁላችሁም ታልፋላችሁ» የሚል ንግግር ማድረግ የለበትም፤ ከፊቱ ከተቀመጡት አብዛኞቹ እንደማያልፉ ቁጥሩ ይናገራልና። ከፈተናው በፊት ያለው ሥራ ተግባራዊ ነው። ብዙዎቹ ከቤታቸው ውጪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድሩት ለዚህ ፈተና ስለሆነ፣ ማደሪያው፣ ፍተሻውና የመመገቢያው ሁኔታ ምን እንደሚመስል ባለፈው ዓመት የተፈተነ ተማሪ ጋብዞ ማስነገር፣ መድኃኒት የሚወስዱት ለስንት ቀን የሚበቃ እንደሚይዙ ማረጋገጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ በቡና ወይም በጫት እያነበቡ ማደር የተነበበውን እንደሚያስረሳ ማስረዳት ይገኝበታል።

ከዚያ የሚበልጠው ግን ውጤት የሚለቀቅበት ሰሞን ነው። ውጤቱ ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ በኢንተርኔት ሲለቀቅ ተማሪዎቹ ከግቢው ከወጡ ወራት ያለፉ በመሆናቸው፣ አንድ ልጅ በስልኩ ብቻውን ውጤቱን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት ማንም አያውቅም። ስለዚህ ሰኔ ላይ፣ ተማሪዎቹ ሳይበተኑ፣ በዓመቱ ውስጥ ሲከታተሏቸው የቆዩትን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የራሳቸውንና የአንድ የሚያምኑትን ሰው ስልክ ቁጥር በፈቃዳቸው ይመዝግቡ። ወላጆችን በአንድ ቀን ሰብስበው ውጤቱን ከልጃቸው ጋር አብረው እንዲያዩ፣ በዚያ ምሽት ከጎረቤት ልጅ ጋር እንዳያወዳድሩ፣ ስድብም ሆነ ከቤት ውጣ የሚል ቃል እንዳይሰነዝሩ ይንገሯቸው። ውጤቱ በተለቀቀ ሳምንት ቢሮው ክፍት እንዲሆን ከርእሰ መምህሩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ ስለ ሪሜዲያል፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ በግል እንደገና ስለ መፈተን ትክክለኛ መረጃ በጠረጴዛዎ ላይ ይኑር። በዝርዝርዎ ላይ ያሉትን ሳይደውሉልዎ እርስዎ ይደውሉላቸው፤ መጀመሪያም ስልካቸው ዝግ ለሆነ ልጆች ቤተሰቦች።